ከሁለት የሚጀምረው ሜትር፦ የጋሽ ሜትር የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሜትር እያለ የሚጠራቸው አባታችን፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. በከተማው ዳርቻ ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው ከመወጣጫ ወድቀው ስለተጎዱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ሥራ ፈለጉ። በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ እንደነበሩ እስከ መጨረሻው ነግረውናል፤ ብዙውን ጊዜ ሳንጠይቃቸው።

በ1960 ዓ.ም. በከተማው የመሬት ቢሮ በሜትር ያዥነት ተቀጠሩ። ቀያሹ በዚያኛው ጫፍ ቁጥሩን ሲያነቡ፣ እሳቸው በዚህኛው ጫፍ የሜትሩን መነሻ ይዘው ይቆማሉ፣ ችካል ይመታሉ፣ ፀሐይ ሲጠብሳቸው ይውላል። በ1964 ዓ.ም. ይህ ዛሬ ፎቅ የበዛበት ሰፈር ድንጋያማ ሜዳ ሳለ፣ በመጀመሪያው መንገድ ዳር ያሉትን ሃያ ሦስት ቦታዎች የሸነሸኑት ሁለቱ ናቸው።

ጣጣው የመጣው የመንገዱን ስፋት በለኩበት ቀን ነው። የሜትሩ ጫፍ ተበጥሶ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትሮች ጠፍተው ነበር። እንዲህ ሲሆን ሜትር ያዥ ከሁለት ቁጥር ላይ ይይዛል፣ ቀያሽ ደግሞ ካነበበው ላይ ሁለት ይቀንሳል። አባታችን በመንገዱ ማዶ ባለው የመነሻ ድንጋይ ላይ ሁለት ቁጥርን ይዘው ቆሙ። ቀያሹ በአጥሩ መስመር ላይ አሥራ አራት አነበቡ፤ ሳይቀንሱም እንዳለ ጻፉት። የመንገዱ ስፋት በመሬት ላይ አሥራ ሁለት፣ በካርታው ላይ አሥራ አራት ሆነ። አባታችን በማግስቱ ቢነግሯቸው፣ «ተወው፣ ቢሮ ስገባ አስተካክለዋለሁ» አሏቸው። ቀያሹ ጡረታ ወጡ፤ ሞቱም። አሥራ አራቱ ግን ዛሬም አለ።

በ1966 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን እናታችንን አግብተው ከሃያ ሦስቱ ቦታዎች በሰባተኛው ላይ ቤት ሠሩ። የፊተኛዋ ክፍል የእናታችን የስፌት ክፍል ሆነች፤ እኛ አራት ልጆቻቸውም በስፌት መኪናዋ ድምፅ አደግን። እናታችን፣ «ይህ ሰውዬ እኔን ሳያይ በሩን ለክቶ ነው ያገባኝ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ውሃ ሲገባ የቧንቧውን ቦይ የለኩት እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የአውቶቡሱን ማቆሚያ፣ የጎረቤቱን ሁሉ የድንበር ጭቅጭቅ ለክተዋል፤ ማንንም አላስከፈሉም። ቢሮው ያን የተበጠሰ ሜትር ሊጥለው ሲል ለምነው ወስደው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አንድ ቀን እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር።

አስፈለገ። በ2014 ዓ.ም. በካርታው መሠረት ሃያ ሦስቱም ቤቶች ሁለት ሁለት ሜትር ወደ መንገዱ ገብተዋል የሚል ደብዳቤ መጣ። አንድ የቢሮው ባለሙያ በጎረቤት ፊት፣ «ሽማግሌው ያኔ ችካሉን ገፍተውት ይሆናል» አለ። አርባ ዓመት የሰው ድንበር ያስከበሩትን ሰው የመሬት ሌባ አደረጋቸው!

ሜትሩን በትከሻቸው አንግበው አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮ ተመላለሱ። ድንጋዩን መጥታችሁ እዩልኝ ብለው ለመኑ። ነገ ተባሉ፤ ሰኞ ተባሉ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። በመጨረሻ ሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ጸሐፊው፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ የተበጠሰ ነው» አላቸው።

«እሱን ነው እኮ የምላችሁ!» ብለው የጮኹት ጩኸት እስከ ደረጃው ተሰማ። በሕይወታቸው ሲጮኹ የሰማናቸው ያኔ ብቻ ነው። ጥበቃ ተጠርቶ አስወጣቸው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የማፍረሻ ማሽን መጥቶ ከሰባተኛው ቤት ጀመረ። የስፌት ክፍሏ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ፈረሰች። አባታችን የስፌት መኪናዋን አቅፈው ግቢ ውስጥ ቆመው አዩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ አሥራ ሁለት ቀን በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 19 ቀን በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ብለው ጽፈዋል። እኛ ብንጽፈው ሁለት ሜትር እንል ነበር።

ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆችንና ዘጠኝ የልጅ ልጆችን ትተዋል። ሰኞ ሊፈርሱ በቀለም ምልክት የተደረገባቸው ሃያ ሁለት ቤቶችንም ትተዋል።

የአበባ ጉንጉን ይዛችሁ የመጣችሁ የቢሮው ሰዎች፣ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። አሥራ አንድ ጊዜ ተለምናችሁ ያልመጣችሁበት ድንጋይ ከዚህ መቃብር በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በሣጥናቸው ላይ ያለው ያ ሜትር ነው፤ አብሯቸው አይቀበርም። ከቀብሩ በኋላ ታላቅ እኅታችን ይዛው ትሄዳለች፤ ጎረቤቱም አብሮ ይሄዳል። እናንተም ኑ። እሷ ድንጋዩ ላይ ሁለትን ትይዛለች፣ እናንተ አጥሩ ላይ አሥራ አራትን ታነባላችሁ። ከዚያ ሁለት ቀንሱ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የጠበቁት ይህንኑ ብቻ ነው።

አባታችን ሆይ፣ አምላክ ነፍስዎን ማንም ተነሡ በማይልዎት ሰፊ ቦታ ያሳርፍልን።