«እንደ ልብሽ ብዪ» ላሉኝ ክቡር ዋና ሐኪም

ለሆስፒታላችን ዋና ሐኪምና ዳይሬክተር፤

ለክቡርነትዎ የማይጓደል ጤና፣ ለሆድዎ ሰላም፣ ለቀበቶዎም ትዕግሥት እየተመኘሁ ይህን ግልጽ ደብዳቤ በሠራተኞች ክበብ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ፣ በዚያው ክበብ ምሳዎን የማበስልልዎ ሴት ነኝ። ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም። ይሁንና የሐሞት ከረጢቴን በገዛ እጅዎ አውጥተው ጠጠሮቹን በብልቃጥ ያሳዩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ ከሥጋ ዘመድ ይልቅ ውስጤን ያውቁታል ብዬ እደፍራለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ ለማስታወስ ያህል ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ቀዶ ሕክምናው ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው። ስፌትዎ ልብስ ሰፊዋን እኅቴን አስቀንቷል፤ መሬት ለመሬት ያንከባልለኝ የነበረው ሕመምም ለቆኛል። ከሆስፒታል ስወጣ ምን ልብላ፣ ምን ልተው ብዬ ብጠይቅዎ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ፣ ጠጠሩ ወጥቷል፣ እንግዲህ እንደ ልብሽ ብዪ አሉኝ። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና በላሁ። ቅቤውን፣ የተጠበሰውን ድንች፣ የሥጋውን ጮማ፣ ሕመሙን ፈርቼ ለዓመታት የተውኩትን ሁሉ በላሁ። ለልቤ ሲፈቅዱለት ጉበቴን ያማከረው አልነበረም።

፪. ውሎ አድሮ ድካም ሲጥለኝ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ በአልትራሳውንድ ታየሁና ጉበቴ ስብ ለብሶ ተገኘ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ከረጢቱ ሲወጣ ሐሞት ማጠራቀሚያ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል፤ ከረጢታቸው በወጣ ሰዎች ላይም የጉበት ስብ በርከት ብሎ እንደሚታይ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፣ ምክንያቱ ግን ገና በቅጡ አልተለየም። ክብደቴና አመጋገቤም የየድርሻቸውን እንዳዋጡ ነግራኛለች። ይህንን ሳልሸሽግ የምጽፈው ሐሰተኛ እንዳልባል ነው። ቢላዎን አልከሰስኩም፣ የከሰስኩት አፍዎን ነው። ክብደትሽን ጠብቂ፣ ቅባት ቀንሺ፣ ጉበትሽን ታዪ ለማለት ስልክዎን ለአፍታ ማስቀመጥ ይበቃ ነበር።

፫. ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ ብመጣ፣ በነርሶቹ ፊት፣ ሐሞት የሌላት ሴት ቁጣውን ከየት አመጣችው ብለው ሳቁ፤ እነርሱም አጀቡዎት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክበቡ መጠሪያዬ «ሐሞተ ቢሷ» ሆኗል፣ ሳህን አጣቢዋ ሳትቀር በዚሁ ትጠራኛለች። ስለ ቀልድዎ አመሰግናለሁ፤ ቆሽቴ አርሯል። ክቡርነትዎ ያወጡት ከረጢቱን ብቻ ነው፣ ሐሞቴ አልፈሰሰም።

፬. አሁን ደግሞ ልጄ ጠጠር ተገኝቶባት እርስዎ ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች። ገና ሳትተኛ፣ አይዞሽ፣ ከወጣልሽ በኋላ እንደ ልብሽ ትበያለሽ ብለዋታል። ደስ እያላት ስትነግረኝ ጭልፋዬን አስቀምጬ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ለራሴ ሲሆን ከሳቁብኝ በኋላ ዝም ብዬ ነበር፤ ለልጄ ግን ዝም አልልም። ሳትተኛ በፊት ጉበቷ እንዲታይ፣ ከተነሣች በኋላም የምትበላውና የምትተወው እኔ ባለሁበት፣ ስልክዎ ኪስዎ ውስጥ ሆኖ፣ እንዲነገራት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልናዘዝ፣ ጸጸት ግን አይጠብቁ። ከሳቁብኝ ቀን ወዲህ ጮማ ጨምሪ ሲሉኝ ጨምሬያለሁ፤ ቅቤ አነሰው ሲሉኝ አፍስሻለሁ፤ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ሲደግሙ ቆሜ አይቻለሁ። እርስዎ ካዘዙት በላይ አንዲት ጠብታ አላከልኩም። የነፈግኩዎት የምክር ቃል ብቻ ነው፣ እርሱንም መንፈግ የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

ጉበቷን ስብ፣ ልቧን ቂም ያለበሱላት፣
የዘወትር አክባሪዎ ምግብ አብሳይ

ማስታወሻ፦ ሰሞኑን ከምሳ ሲነሡ ቀኝ ጎንዎን፣ ከጎድንዎ ሥር፣ ደግፈው ጎበጥ ብለው ሲወጡ አየሁዎት። ቦታውን በደንብ አውቀዋለሁ። የሚከፍትዎ ሐኪም እጁ እንደ እጅዎ የተባረከ፣ አፉም እንደ አፍዎ ቁጥብ እንዲሆን እጸልያለሁ። ድነው ሲመለሱ ምጣዱ ግሎ፣ ቅቤው ቀልጦ ይጠብቅዎታል፤ እንደ ልብዎ ይብሉ።