ራሱን የሚያጥበው ኪቦርድና ቁጥር አራት

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ተራ ቀን። ጠዋት ፕሪንተሩ ወረቀት ጎረሰ፣ አወጣሁለት። ምሳ የሐይቁ ዓሣ፣ እሾኹ እስካሁን ጥርሴ መሀል አለ። ከሰዓት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ…

ከዚያ ካርቶኑ ደረሰ። ግንቦት ላይ የጠየቅነው። በጎ አድራጊ ድርጅቱ «ለጨቅላ ሕፃናት ክፍላችሁ አንድ ነገር ምረጡ» ብሎን ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ኢልሀም ወዲያው «የውሃ ሮቶ» አለች። የክፍሉ ቧንቧ ከደረቀ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያለው ውሃ ግቢ ውስጥ ያለችው ቧንቧ ብቻ ናት። እኔ ግን የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ደብዳቤ የምተይበውም እኔ። «ሮቶማ ማንም ይጠይቃል» ብዬ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ራሱን የሚያጸዳ ኪቦርድ አቀረብኩ። ስብሰባው ላይ ጥሩ ሳልናገር አልቀረሁም። ተጨበጨበልኝ። ኢልሀም ብቻ አላጨበጨበችም።

ሲያምር ግን። ከላዩ ቀጭን መብራት አለው። ሰው እጁን አንስቶ ፈቀቅ ሲል ሰማያዊ ብርሃን ይበራና ቁልፎቹ ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል። ሰው ሲጠጋ ይጠፋል።

ዶክተር ሙአዊያ እጁን ኪሱ ከትቶ ዞሮ ዞሮ አየው።

«እና ይሄ በቀን አምስቴ ውዱእ ያደርጋል በለኛ።»

የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ የሺሀረግም መወልወያቸውን ተደግፈው አዩት። እኔ ስቀጠር ሃያ ዓመት የሠሩ ናቸው።

«ራሱን የሚያጥብ ከመጣ እንግዲህ እኔን ሸኙኛ።»

«እርስዎን ማን ይተካል እትዬ?»

«ይኸው አንተ ተክተኸኝ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

መስከረም 9፣ ዓርብ

ሰባት ሰው ሊያየው መጣ። ሁለቱ አብረውት ፎቶ ተነሱ።

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ግሸን። ተሳላሚውን የጫነ አውቶቡስ ሲያልፍ ይውላል፤ የታመመው እኛ ጋ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ እግሩ የተወለመ፣ ተቅማጥ የያዘው፣ ጾም ያደከማት እናት… በዚህ ቀን የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ይሙት? ሞተ። «ችግር የለም» አልኩ፣ «የጨቅላዎች ክፍል ኮምፒውተር ላይ መዝግቡ። ኪቦርዱ እንደሆነ ራሱን ያጸዳል።» ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ እዚያ ሲገባ ሲወጣ ዋለ።

ማታ ስወጣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰማያዊው መብራት ዛሬ በርቶ አላየሁትም። ለካ ፊቱ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ያም ሆኖ ጥሩ ነው… ነው አይደል?

ሌላም ነገር። በሩ ላይ የተሰቀለው አልኮል ከሰኞ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። አንዱን ነርስ «እጅህን አልጠረግክም?» ብዬ ስጠይቀው «ኪቦርዱ ያጸዳው የለ?» አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ኮራሁ።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ሕይወት ወለደች። ታናሽ እህቴ። በሰባት ወር ከግማሽ። ሴት ልጅ፣ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። እንኳን ሕፃን፣ የገበያ ሽንኩርት እንኳ ከዚህ ይከብዳል። ማሞቂያው ውስጥ አስገቧት። እጇ የእኔን ትንሽ ጣት ጥፍር ታህላለች።

ሕይወት ገርጥታለች። በስሜ ጠርታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦

«ሽታው፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው?»

«አብሽሪ። ኪቦርዱ እንኳ ራሱን ያጥባል።»

ያን ሁሉ ሕመም ይዛ ፈገግ አለች። ስሟን እኔው ራሴ በኪቦርዱ መዘገብኩ፣ ከዚያ የማሞቂያውን መስኮት ከፍቼ የትንሿን ጉንጭ ነካሁ። እንደ ቅቤ ናት። ዛሬ ደስ ብሎኛል። በጣም።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ትንሿ አተኮሰች። አልጠባ አለች። ከጎኗ ያሉት ሁለቱም እንደዚያው። ሙአዊያ ኢንፌክሽን ነው አለ። አንቲባዮቲክ ጀመሩላት፤ መርፌው ከክንዷ አይተናነስም።

«ከየት መጣ?» አልኩት።

«ሽታው፣ ከእጅ ነው የሚመጣው። አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ።»

«ኪቦርዱ እኮ…»

አላስጨረሰኝም። ለነገሩ ምን ልጨርስ ነበር?

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ኢልሀም ጠዋት ኪቦርዱን ከጥጥ ጋር ይዛ ተቀመጠች። ናሙና ልትወስድ። ከዚያ ጠራችኝ።

«ሽታው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መብራቱ ላይ ያለ ላስቲክ ነው። ዕቃው ሲመጣ የተለበጠበት። እንዳይቧጨር ብዬ አልላጥኩትም። አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ይነሳል እንዴ? የቤቴ ቴሌቪዥን ላስቲክ አራት ዓመቱ ነው። የፍሪጄም። የአባቴ ወንበር ላስቲኩ ሲያረጅ ሌላ ላስቲክ ነው የተደረበበት።

«ወር ሊሞላው ነው» አለች። «ያ ብርሃን ይሄን ላስቲክ ሲያጸዳ ነበር የከረመው።»

በጥፍሯ ይዛ ላጠችው። ድምፁ… ጺጵ። ሰው ፊት ልብሴን የገፈፈችኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከኪቦርዱም፣ ከአምስት ሠራተኞች ጣትም ናሙና ወሰደች። ስም አልጻፈችም፣ ቁጥር ብቻ። እኔ አራት ነኝ። ደሴ ላቦራቶሪ ተላከ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ዛሬም አልጠባችም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ውጤቱ መጣ። ኢልሀም ስብሰባ ላይ አነበበችው። ኪቦርዱ ቆሻሻ ነው፤ እሱ ከላስቲኩ በኋላ ይጠበቅ ነበር። ቁጥር አንድ መካከለኛ። ሁለትና ሦስት ደህና ናቸው። አምስትም ደህና። «ቁጥር አራት» አለችና ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ቁጥር አራት ላይ የበቀለው ጀርም ከኪቦርዱ ይበልጣል። ከሕፃናቱ ደም የወጣውም ዓይነት እዚያው አለ። በኪቦርዱም ላይ አለ።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

በኋላ ሙአዊያን ለብቻው ያዝኩት። «እኔ ነኝ ያሳመምኳት?» ማንም ሊያውቅ አይችልም አለኝ። እኔ ከኪቦርዱ ይዤው ይሆናል፣ ኪቦርዱ ከእኔ ይዞት ይሆናል፣ ከሌላ ሰው ወደ ሁለታችንም መጥቶ ይሆናል። አዛኝ ሰው ነው። የሚያጽናናኝ መስሎት ነው። ግን እኔ ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ጻፍኩ፣ ነካኋት። በመሀሉ ምንም የለም።

ለሕይወት ነገርኳት። ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን አልቻልኩም።

እንዲህ አለችኝ፦

«ራሱን የሚያጥበው ኪቦርዱ ነው አንተ ነህ?»

«እጅህን አሳየኝ» አለች። አሳየኋት። አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትንሿን እንዳልነካት አላለችኝም። ማለት አላስፈለጋትም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ትልልቅ ፊደል፣ በቀይ ቀለም፦ «እባክዎ እጅዎን ይታጠቡ።» ስምንት ቅጂ አትሜ በየበሩ ለጠፍኩ። አንዱን አንድ አስታማሚ ገንጥሎ ቆሎ ጠቀለለበት።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ይሄን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ስገባ እትዬ የሺሀረግ የጨቅላዎች ክፍል በር ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጆግ፣ በሌላው ሳሙና፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ። እግራቸው ሥር ሳፋ። ልክ እንደ ሠርግ ቤት አስታጣቢ። ልዩነቱ አስታጣቢዋ የሁላችንም እናት የሚሆኑ ናቸው።

ለካ ትናንት ማታ ኢልሀም ሄዳ ተማክራቸው ነበር። ማስታወቂያ ሰው አይሰማም ብላ። እሳቸው ደግሞ «ልጄ፣ ሰው ወረቀትን አያፍርም፣ ሰውን ነው የሚያፍር» ብለዋት።

መጀመሪያ ሙአዊያ መጣ።

«ና እጅህን ስጠኝ።»

«ኧረ እትዬ! እርስዎ ሊያስታጥቡኝ? ነውር ነው እኮ፣ ወላሂ።»

«ነውሩ ሳትታጠብ ብትገባ ነው።»

«ውዱእ አድርጌ ነው የመጣሁ…»

ኢልሀም ከውስጥ፦ «ከውዱኡ በኋላ ስልክህን ነክተሃል ዶክተር።»

ሰውየው ምን ያድርግ? እጁን ዘርግቶ በትልቅ ሰው ሊታጠብ ነው? ሳሙናውን ከእጃቸው ነጥቆ ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠ። ታጥቦ፣ እጁን ወደ ላይ ይዞ ተመለሰ። አገላብጠው አዩለት። «ጣትህ መሀልስ?» ደግሞ ሮጠ።

ከእሱ በኋላ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ተማሪ፣ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ (እሱ ምን ሊሠራ እንደመጣ እስካሁን አልገባኝም)። ሁሉም «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ እትዬ» እያለ ቧንቧው ጋ ተሰለፈ። እትዬ ጆጋቸውን እንደሞላ ይዘው ቆመዋል። አንድ ጠብታ አላፈሰሱም።

እኔ መጣሁ። ወደ ቧንቧው ልዞር ስል፦

«አንተ ቁም።»

«እትዬ፣ እኔም ራሴ…»

«ለአንተ ግን አፈሳለሁ። ቁጥር አራት አይደለህ?»

ማን ነገራቸው? ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እጄን ዘረጋሁ። ውሃው ሲወርድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የወለዱት ልጅ የሆንኩ ያህል ጥፍሬን አንድ በአንድ አሹልኝ። ሲጨርሱ ፎጣውን ሰጥተው ቀስ ብለው፦ «አብሽር። ትተርፋለች» አሉኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወጥቼ ደግሞ ታጠብኩ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጠባች። አሥር ሚሊ። ሕይወት በጣቷ ቆጥራ አሳየችኝ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ኢልሀም ድጋሚ ናሙና አስመርምራ ነበር። ኪቦርዱ ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ላስቲኩ ተልጧል፣ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ተሠርቷል፣ ፊቱ ሰው ሲጠፋ መብራቱ ይበራል። ዋናው ግን የሚነካው እጅ ታጥቦ ይመጣል። ቁጥር አራትም ደህና። ኢልሀም ይህን ስታነብ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ጨካኝ ናት።

ቀኑን ሙሉ የእትዬ ጆግ ሙሉ ነው። የሰው ልጅ በትልቅ ሰው መታጠብን ፈርቶ ይህን ያህል ንጹሕ ይሆናል ብሎ ማን ገመተ?

ድርጅቱ ደብዳቤ ልኳል። ኪቦርዱ ጠቅሞ እንደሆነ አስተያየት ጻፉልን፣ አሥራ አንድ እንጨምርላችኋለን ይላል። አሥራ አንድ። ለየክፍሉ አንድ። ግንቦት ላይ ቢሆን ኖሮ ዘልዬ ነበር የምስመው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ኪቦርዱ ጥሩ ዕቃ ነው። የተባለውን ይሠራል። ራሱን ያጸዳል፣ እኛን አያጸዳም። እኛ ግን እኛን የሚያጸዳን መስሎን እጃችንን መታጠብ ተውን፤ ይህን ሐሳብ ያመጣሁትና መብራቱን በላስቲክ ሸፍኜ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሕፃናት ታመው ድነዋል። አሥራ አንዱን ኪቦርድ አቆዩትና የውሃ ሮቶ ላኩልን። ሲስተር ኢልሀም ግንቦት ላይ ጠይቃ ነበር።»

ለኢልሀም አሳየኋት። ሁለቴ አነበበች። «የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል አድርጋት» አለች።

አደረግኩላት።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ሐይቁ እንኳ ከጭሱ ወዲያ አይታይም። አያቶቻችን በሽታን በጭስ አባረሩ፣ እኔ በሰማያዊ መብራት። መሳቅ የሚችል ይሳቅ።

ከሥራ በቀጥታ ሕይወት ቤት ሄድኩ። ትንሿ ቤት ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሁለት ኪሎ ከአምስት መቶ። እስከዛሬ ስሄድ ከበሩ አጠገብ ወንበር ይሰጠኛል፣ ከሩቅ አያታለሁ፣ እመለሳለሁ። አልጠየቅኩም። እሷም አላለችም።

ዛሬም በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሕይወት ወደ ጓዳ ገባች፣ ቆየች። ስትወጣ ጆግና ሳፋ ይዛለች፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ። ጎንበስ አለችልኝ።

«ምን ልንበላ ነው?» አልኳት።

«ምንም። ታናሽ ታላቁን ያስታጥብ የለ? እጅህን ስጥ።»

ዘረጋሁ። ሞቅ ያለ ውሃ ነው፣ አስባበት አሙቃዋለች። ሳሙና ሰጠችኝ። አሸሁ። ጣቶቼ መሀል፣ ጥፍሬ ሥር፣ እስከ አንጓዬ። ደግማ አፈሰሰች። ጆጉ እስኪያልቅ አላቆመችም፣ እኔም በቃ አላልኩም።

ፎጣውን ግን አልሰጠችኝም። እጄን ራሷ አደረቀችው፣ ከዚያ ትንሿን አምጥታ አስታቀፈችኝ።