ለአንድ ካርድ ሁለት ገመድ

ውድ ሰርመድ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ስናወራ አንድም ቀን ያንን ሰኞ አንስተህብኝ አታውቅም። አንተ የሱለይማኒያን ብርድ ትነግረኛለህ፣ እኔ የባግዳድን፣ የሲናዓ ጎዳናን ሙቀት እነግርሃለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። በዚያ ዝምታ መሃል ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። አፌ እንቢ ስላለኝ ልጻፍልህ።

የታጣቂዎቹን አለቃ የአቡ ዲርጋምን ኮምፒውተር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። አንተ የማታውቀው ብልሽቱ ከየት እንደመጣ ነው።

ኮምፒውተሩን ያዘዘው ለታናሽ ወንድሙ ለመዝሀር ነበር። መዝሀር ሁለት እግሮቹን ሞሱል ላይ ፈንጂ ወስዶበት ከቤት አይወጣም። ከሞት የተረፉት የጦር ጓደኞቹ ከየቤታቸው ሆነው ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት አብረውት የታንክ ጨዋታ ይጫወታሉ። ለእሱ ዓለም ማለት ያች ስክሪን ነበረች። አቡ ዲርጋም የኮምፒውተር ሱቃችን የመጣ ዕለት፣ ሽጉጡን ከወገቡ ሳይፈታ፣ ከጎዳናው ሁሉ የሚበልጠውን ግጠሙለት ብሎን ሄደ። የጨዋታውን ምስል የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ አንተ መረጥክ፤ መገጣጠሙ ለእኔ ደረሰ።

ካርዱ ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል የሚቀበልባቸው ሁለት መሰኪያዎች ነበሩት። አንተ ከምትበይደው ነገር ቀና ብለህ፣ «ቁተይባ፣ ለእያንዳንዱ መሰኪያ የራሱን ገመድ ስጠው። ይሄ ካርድ ጨዋታ ሲጀመር እንደ ተጠማ በሬ ነው የሚጠጣው» አልከኝ። እሺ አልኩህ። እሺ ብዬህ ሳበቃ ጫፉ ሁለት ቦታ የተከፈለ አንድ ገመድ አንስቼ ሁለቱንም በእሱ ሰካሁ። የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ የኬዙ፣ ጎን መስታወት ስለነበር ሁለት ወፍራም ገመድ በውስጡ ሲታይ አስጠላኝ። ፎቶ አንስቼ ለሰው ላሳየው ፈልጌ ነበር። አነሳሁም። አንተም «አምሮበታል» አልከኝ።

በአራተኛው ቀን ደወሉ። ጨዋታው ሲግል ስክሪኑ ይጠቁራል፣ የካርዱ ማራገቢያዎች ይጮሃሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል አሉ። አንተ በስልክ ካርዱን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አስጠፍተህ እንደገና አስጫንካቸው። አልሆነም። ወደ ሱቅ አመጡት፤ ቀለል ያለ ጨዋታ ስንከፍትበት አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ። አንተ ግን ልብህ አላረፈም፤ ልክፈተውና ውስጡን ልየው አልክ።

«ሁሉንም አይቼዋለሁ፣ ምን ትደክማለህ» አልኩህ።

አመንከኝና መለስንላቸው።

ሰኞ ጠዋት ገና ሱቅ እንደከፈትን አቡ ዲርጋም ከሦስት የታጠቁ ሰዎች ጋር ገባ። ጮኾ አልነበረም የሚናገረው። ትናንት ጨዋታ መሃል ስክሪኑ ሦስት ጊዜ ጠቁሮ ጓደኞቹ በመዝሀር ስቀውበታል። መዝሀር ከወንበሩ ራሱን ወርውሮ ግንባሩን ከወለሉ ጋር ሲያላትም፣ ደሙ እስከ በሩ ሲደርስ ነው አቡ ዲርጋም የያዘው። ይህን ሁሉ ሲነግረን እጁን የወንድሙ ደም እንደነካው ሁሉ እያሻሸ ነበር። የሸጥንለት ካርድ አዲስ አይደለም፣ እንደ ቢትኮይን ያለ የኢንተርኔት ገንዘብ ፈልፋዮች ሌት ተቀን አሠርተው ያቃጠሉት ነው አለ። አንደኛው ታጣቂ በጠመንጃው ሰደፍ የመደርደሪያውን መስታወት አደቀቀው። ሌላው እኔን በጫማው ሆዴ ላይ መትቶ ጣለኝ። መሬት ላይ ስብርባሪው መሃል ተኝቼ ሳለ ጥያቄው መጣ።

«ማነው የገጠመው?»

«ሰርመድ ነው» አልኩ።

ጠመንጃ ጭንቅላቴ ላይ አልተደቀነም ነበር። ሁለተኛ ጊዜም አልጠየቀኝም። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ስምህ ነው።

አየኸኝ። አልካድከኝም፣ አላጋለጥከኝምም። «ካርዱ አዲስ ነው፤ ጥፋት ካለም እኔ አስተካክለዋለሁ» አልካቸው። ሁለቱ ይዘውህ ቀኝ እጅህን ከበሩ በላይ የሚጠቀለለው የብረት መዝጊያ በሚወርድበት ደፍ ላይ አጋደሙት። ሦስተኛው መዝጊያውን ስቦ ለቀቀው። ጮህክ። ወደ ላይ ሰቅሎ እንደገና ለቀቀው። በሁለተኛው አልጮህክም፤ እኔ የሰማሁት የአጥንቱን ድምፅ ብቻ ነው። ፊት ለፊታችን ያሉት ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ። ካንተ ጋር ሆስፒታል እንድሄድ እንኳ አልፈቀዱልኝም። አንተን ጎረቤታችን ላቢድ ተሸክሞ ሲወስድህ፣ እኔን መኪና ላይ ጫኑኝ። «አንተ ደግሞ ትጠግነዋለህ» አለኝ አቡ ዲርጋም።

ቤታቸው ስንደርስ መዝሀር ግንባሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ገና ከመግባቴ የሻይ ብርጭቆ ወርውሮ ጆሮዬን ቀደደው። ከኋላዬ አንድ ታጣቂ ቆሟል። ድራይቨሩን ነቅዬ የቆየውን ስሪት ጫንኩ፤ ጨዋታው ሲከፈት ጠቆረ፣ ታጣቂው ማጅራቴን በጥፊ አለኝ። የሰፈሩ ጄኔሬተር ኃይል ይዋዥቃል ብዬ ኃይሉን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር አስመጣሁ፤ ጠቆረ፣ ጎኔን ረገጠኝ። የካርዱን ሙቀት ለካሁ፣ ደህና ነበር። ካርዱን ነቅዬ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ቦታ ሰካሁት። በዚህኛውም ሲጠቁር ታጣቂው ፊቴን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው፤ የፊት ጥርሴ ያኔ ነው የወለቀው። ደሜን እየተፋሁ የኬዙን መስታወት እንደገና ስከፍት ያቺ ገመድ ፊት ለፊቴ ነበረች። ነካኋት። እንደ ትኩሳታም ሰው ገላ ታቃጥላለች። ካርዱ የሚፈልገውን ሁሉ በአንዲት ገመድ ሲስብ፣ ገመዷ አልችል ስትል ነበር የሚጠፋው።

ሰርመድ፣ ያኔ ከመሬት ደግፌ ሳነሳህ የነካኝ ደምህ ገና እጅጌዬ ላይ ነበር።

ሁለተኛ ገመድ ሰካሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መዝሀር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወተ፤ አንዴም አልጠቆረም። አቡ ዲርጋም ምን ሆኖ ነው ሲለኝ የጄኔሬተሩ ኃይል ነው አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። ምሳ ቀረበ፤ ከሩዙ ላይ ያለውን የበግ ሥጋ በእጁ እየቆረሰ ወደ እኔ ገፋልኝ። ድዴ እየደማ በላሁ።

ወንድሙ ወጣ ሲል መዝሀር ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ሁሉንም ሲያይ ነበር።

«የገመድ ጥፋት ነው፣ አይደል?»

መፍቻዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ የሰካሃትም አንተ ነህ። እጅህ ሲነካት ነው ያወቅኩት» አለኝ። «እኔን እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ፣ ፈንጂ አሳሻችን የነበረው ሰው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ሁሉንም አይቼዋለሁ፣ መንገዱ ንጹህ ነው› ነው ያለኝ። አሁን እዚሁ ከተማ፣ ከራዳ ሰፈር አትክልት ይሸጣል። ወንድሜን መንገድ ላይ ካየ ፊቱን ያዞራል። እባክህ አንተ እንደሱ አትሁን።»

እንደሱ ሆንኩ። ማታውኑ ሆስፒታል ስመጣ እናትህ በሩ ላይ ተቀብላኝ፣ ኮምፒውተሩን ጠግነህ ልጄን ከባሰ ነገር አዳንክልኝ ብላ እጄን ሳመች። አላረምኳትም። አንተም በፋሻ የታሰረ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ጥርሴን አይተህ አዘንክልኝ። ሁለቱ ጣቶችህ አልታጠፍ ብለው መበየጃ መያዝ ሲያቅትህ፣ ወደ ሱለይማኒያ ስትሄድም ዕቃህን ጫንኩልህ እንጂ አልተናገርኩም።

አሁን ለምን ጻፍክልኝ ትለኝ ይሆናል። ባለፈው ወር ላቢድ አንተ ዘንድ ደርሶ መጣ። የጥገና ትምህርት በምትሰጥበት ክፍል ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ተማሪዎችህ ስለ እጅህ ሲጠይቁህ፣ «መጥፎ ካርድ አምኜ መርጬ ለሰው ሸጥኩ፤ የራሴ ጥፋት ነው» ትላቸዋለህ አለኝ። ያን ዕለት ሱቁን መክፈት አቃተኝ። ለካ እነዚያ ሰዎች የሰበሩት እጅህን ብቻ አልነበረም፤ የቀረውን ደግሞ እኔ በዝምታዬ ስሰብር ነው የኖርኩት።

በማግሥቱ አቡ ዲርጋም ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገመዷን፣ ውሸቴን፣ ስምህን መጥራቴን። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የፈለጉትን ያድርጉኝ አልኩት። እጄን አየው፣ እኔን አየኝ።

«ለአንድ ጥፋት ሁለት እጅ አልሰብርም» አለኝ። «ለእኔ ያ ሒሳብ አልቋል። ያንተ ከሆነ እዚህ አይደለም የሚከፈለው።»

አልሄድም ብዬ ስጨቀጭቀው ሰዎቹ ከደረጃው ወረወሩኝ፤ አንድ የጎን አጥንቴ ተሰነጠቀ። ያን ላንተ እንደ ተከፈለ አልቆጥረውም። ስላሰለቸሁት ብቻ ነው።

ካርዱ ደህና ነበር፣ ሰርመድ። የመረጥከው ካርድ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ መዝሀር ዛሬም እየተጫወተበት ነው፣ ራሴ ገብቼ አየሁት። አንተ በሥራህ አንድም ነገር አልተሳሳትክም። ከተሳሳትክ እኔን በማመንህ ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ እሱን ባንተ ላይ ልጭንብህ አልፈልግም። ሐሙስ ከናህዳ መናኸሪያ ወደ ሱለይማኒያ አውቶቡስ እይዛለሁ። ተማሪዎችህ በተቀመጡበት፣ ያንን ኮምፒውተር ማን እንደገጠመውና እጅህን ማን እንዳስሰበረው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ውጣ ካልከኝ እወጣለሁ።

እናትህ አብራህ እንዳለች ሰምቻለሁ። እስክደርስ ምንም አትንገራት። እጄን የሳመችው እሷ ናትና ከእኔው አፍ ትስማ።

ቁተይባ
ባግዳድ፣ ሲናዓ ጎዳና