አንድም ቀን ያልተጓደለ ጾም

ሐሙስ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቴፒ

ዛሬ ጾም ስንፈታ አማቴ የመጀመሪያዋን ቴምር ለእኔ ሰጡኝና «ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትጾሚ» አሉኝ። ረመዳን ሊያልቅ ነው፤ እኔ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ስለማትጾም፣ ሲጠብቁ ከርመው አርግዛለች ብለው ደመደሙ። ባለቤቴ ጀማል አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

አላረገዝኩም። በሽንት ሁለቴ ተመርምሬ ምንም የለም። የወር አበባዬ ድሮም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ወራት ይጠፋል፤ ጭንቀት ነው እል ነበር። ፊቴ ላይ የሚወጣውን ብጉር በሱቃችን በርበሬ ብናኝ አሳበብኩ። አገጬ ላይ የሚበቅለውን ፀጉር ደግሞ የዘር ነው ብዬ በወረንጦ እየነቀልኩ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሦስቱንም አንድ ላይ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ፒሲኦኤስ የሚባል የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ሄደሽ አልትራሳውንድ ተነሺ፣ ደምም ስጪ። ሕክምና አለው፤ ብዙዎች ይወልዳሉ» አለችኝ። ማታ ለጀማል ልነግረው ነበር፤ ቴምሯ ቀደመችኝ።

አሁን እናትና ልጅ ለተራዊህ ሶላት መስጊድ ሄደዋል። አማቴ ከመውጣታቸው በፊት ለነገ ቁርሴ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽተው፣ ሸፍነው አስቀመጡልኝ።

ብተወው ለምን ይሉኛል። ብበላው ደግሞ አዎ፣ አርግዣለሁ ማለቴ ነው።