እኛም ከወንዙ በታች ነን

ልጄ ሰሊማ፣ ዱዓዬ ካይሮ ድረስ ይከተልሽ፤ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሽንኩርቱ ግን ጠውልጓል። ከወንዙ ላይኛው በኩል ያሉት ገበሬዎች የውሃ ሞተር ተክለው የሮቢን ወንዝ ጠለፉት። ተራ የሚያወጡልን የውሃ አባት ጋሼ ሱሌይማን ቢለምኗቸው፣ «ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ላይ ነው!» አሏቸው። ደሜ ፈላ። ወንድምሽ ሙጂብ ገጀራውን ሲያነሳ ወገቡ ላይ ተጠምጥሜ አስቀረሁት። ሐሙስ ተራችን ነው፤ ያን ቀን ውሃው ካልመጣ እንጃ።

በኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ ማዳምሽ ስለ ዓባይ ግድብ ብትጮህብሽ አንቺም ይህንኑ «ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ላይ ነው» የሚለውን መልሰሽላት፣ እኔ በስልክ «ጎሽ ልጄ!» ብዬሽ ነበር። ግድቡ የኛ ነው፤ አላፍርበትም። ግን እባክሽ፣ ዳግመኛ ብትጮህ አትቆጪያት። «እናቴም እንዳንቺ ከታች ሆና ውሃ ትጠብቃለች» በያት።

አላህ ውሃውን ለላዩም ለታቹም ያድርስ።

እናትሽ ኑርሃን