የሦስት ቤት ቁሌት

ለምሳሳልሽ እህቴ ለማዕዶት፤

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንን ከባድ ምንጣፍ ብቻሽን ነው የምትሸከሚው? በደንብ ትበያለሽ? ትተኛለሽ? እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ቤይሩትም ዳቦ በሰልፍ ሆነ ሲሉ ሰምታ ሐሳብ ገብቷታልና እስቲ እውነቱን ጻፊላት። ባለቤቴ ከበበ እንጦጦ ፓርክ አትክልቱን ሲኮተኩት ይውላል፤ እኔም አፌም ጤነኞች ነን። ይህን ለእረፍት መጥታ ወደዚያው በምትመለስ ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ፣ ሽሮና በርበሬም አብሮ አለ።

እዚህ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ዘይትና ስኳር የምንወስደው ከሸማቾች ሱቅ በኩፖን ነው፤ እሱም ሲገኝ። ሰልፍ ላይ ቆመን ያልተቀባበልነው ወሬ የለም። በግቢያችን ግን ሦስት ሴቶች መላ አበጅተናል። በግድግዳ የምንዋሰናትን ጴንጤዋን ጵርስቅላን ታውቂያታለሽ። ጂቱን አታውቂያትም፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ተከራይታ የገባችው። ቤተሰቦቿ እዚሁ ከእንጦጦ ሥር ገበሬዎች ነበሩ፣ ዛሬ እርሻው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። አንድ ልጇ ጉዲሳ ዘምቷል። በሰላም እስኪመለስላት ድረስ የፍስክ ምግብ ላትቀምስ ለእንጦጦ ማርያም ተስላለች።

መላችን ይኸውልሽ። የደረሰንን ዘይት አንድ ጀሪካን ውስጥ እንገለብጠዋለን። ከዚያ በተራ በተራ አንዳችን የሦስቱን ቤት ሽንኩርት በአንድ ድስት ታቁላላለች፤ ሦስት ትንንሽ ድስት የሚጠጣውን ዘይት አንድ ትልቅ ድስት አይጠጣም። ቁሌቱ ሲደርስ እያንዳንዳችን ድርሻችንን ቀድተን በየቤታችን ያሻንን እንሠራበታለን፤ ቅቤ ያላትም ቅቤዋን የምትጨምረው ያኔ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ፣ እኛ አንበሳው ቀርቶብን ወር አዳረስንበት።

ታዲያ ከጥምቀት በኋላ አንድ እሑድ ተራው የጵርስቅላ ሆነ። አማቷ ከሰንዳፋ ቅቤ ይዘውላት መጥተው ነበርና ዘይቱን ላትርፍላቸው ብላ ያንን ቅቤ በጋራው ድስት ውስጥ ጨመረችው። ለእሷ ፍስክም ጾምም አንድ ነው፣ ለእኛም ወሩ የፍስክ ነው፤ የጂቱ ስለት ጨርሶ ከሐሳቧ ጠፋ። ጂቱ ደግሞ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል። በዚያው ቁሌት የሠራችውን ምስር ስትበላ ደረስኩ፤ ቅቤው ሸተተኝና ይቺ አፌ አታርፍ፣ ጂቱ፣ ቅቤ ጀመርሽ እንዴ አልኳት።

ማዕዶትዬ፣ የዚያችን ሴት ፊት ባላየሁት። የጠቀለለችውን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለሰችው። ተነሥታ ጵርስቅላ ደጃፍ ቆመችና፣ ልጄን አንድ ነገር ቢያገኘው ካንቺ እጅ ነው አለቻት። ከዚያ ጂቱ የዘይት ድርሻዬን ለዩልኝ አለች፤ እኔው በሲኒ እየለካሁ ሰጠኋት። የነፍስ አባቷ ሳታውቂ የበላሽው አይቆጠርም ብለዋታል፣ አንጀቷ ግን አልረጋም። ጉዲሳ ከገና ወዲህ አልደወለማ! ለብቻዋ ታበስላለች፣ ቧንቧው ላይ ስንገናኝም ፊቷን ታዞራለች። ግቢው እንደዚያ ሲቀዘቅዝ እኔ ወሬኛዋ እንዴት እንደጨነቀኝ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ባለፈው ሳምንት የጵርስቅላ ባል ኤልቃና በር ላይ አገኘኝና፣ እባክሽ ምከሪያት አለኝ። ከዚያች እሑድ ጀምራ ሥጋ አትበላ፣ ወተት አትጠጣ፣ ቅቤውንም ለአማቷ መልሳዋለች። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስለት የለም ቢላት፣ ለጂቱ አለ፣ ያስገደፍኳት እኔ ነኝና አብሬያት እጾማለሁ አለችው። ለማንም እንዳይናገር አስምላው ኖሯል። እኔን ደግሞ ማን ያስምለኛል፣ በቀጥታ ጂቱ ቤት ገባሁና ነገርኳት። ሽንኩርቷን መላጧን ሳታቆም ሰማችኝ፤ እኔም ወጣሁ። ተናደድኩባት፣ አልዋሽሽም።

ትናንት ተራው የእኔ ነበር። ሽንኩርቱን ጥጄ ጵርስቅላም አጠገቤ ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች ሳለ ጂቱ ዘይቷን ይዛ መጣች። ጀሪካኑን ከፍታ ያላትን ሁሉ ገለበጠችበት። ከዚያ ጵርስቅላ ጎን ተቀመጠችና፣ እኔ የተሳልኩት ልጄ እንዲመጣልኝ ነው፣ ሲመጣ ጎረቤት እንዲያጣ አይደለም አለቻት። ጵርስቅላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ማማሰያውን ጥዬ ሳለቅስ ቁሌቱ ሊያርብኝ ነበር።

ጉዲሳ እስከ ዛሬ አልደወለም። ጂቱ ስልኩን በመቀነቷ አስራ ትዞራለች፣ በጮኸ ቁጥርም ሦስታችንም እንደነግጣለን። ከትናንት ወዲህ እኔም ቅቤ ትቻለሁ። ከበበ አጉረምርሟል፣ ያጉረምርም። አንቺ በሰው ቤት ነሽና ያገኘሽውን ብዪ፤ ስትጸልዪ ብቻ የልጁን ስም አንሺልን።

እማዬ ዓይንሽን ደጋግማ ስማለች። ከበበ በብርቱ ሰላም ይልሻል፤ ልጆቼ አክስታችንን ሳሚልን ብለዋል። ጵርስቅላና ኤልቃናም ናፍቀውሻል። ጂቱም ሰላም በይልኝ ብላለች። አታውቂያትም እኮ ብላት፣ ሩቅ ያለች ልጅ አይደለችም እንዴ፣ ምን ማወቅ ያስፈልገዋል አለችኝ።

እህትሽ ሸዋረጋ
የካ፣ ኮተቤ
የካቲት ፮ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.