ዋና አልሄድኩም ነበር

ውድ እህቴ ሊስቤት፣

ባሕሩ ዳር ባለው የዕረፍት ቤትሽ ነፋሱ እንዳላስቸገረሽ ተስፋ አለኝ። ስልክ ስለማታነሺልኝ ጻፍኩልሽ። ደግሞም በደብዳቤ መሃል አታቋርጪኝም።

እሁድ እሁድ ዋና እሄዳለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። የዋና ቁምጣዬ ሁልጊዜ ደረቅ መሆኑን ካየሽ ቆይተሻል። ታጥቤ፣ የናና ከረሜላ እየመጠጥኩ በጠዋት ሹልክ ስል ባትጠረጥሪ ነበር የሚገርመኝ። «አንድ ጠርሙስ ካየሁብህ ከምድር ቤቴ ትወጣለህ» ብለሽ ነው ያስጠጋሽኝ።

የመጠጥ ሱሰኛ እንደነበርኩ ለመናገር አፍሬ አላውቅም። መሥሪያ ቤት መጠጥ አቆምኩ ብዬ ስናገር አቅፈውኝ ኬክ ቆርሰውልኛል። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ስል ግን የሥራ ባልደረባዬ ፍሌሚንግ ወንበሩን ራቅ አድርጎ፣ «ማን ሞተብህ?» አለኝ። ለገና ዋዜማና ለቀብር ካልሆነ እኛ ዴንማርኮች እዚያ ምን እንሠራለን? አምናለሁ ከምልሽ ሰከርኩ ብልሽ ይቀለኝ ነበር።

እና ባለፈው እሁድ ተከተልሽኝ። ከዘጠኝ አሮጊቶች ጋር መሠዊያው ፊት ተንበርክኬ፣ ፓስተር ብሪታ ትንሿን ጽዋ እንደሰጠችኝ የጫማሽ ድምፅ ተሰማኝ። ጽዋዋን ከእጄ ነጠቅሽኝ። አሸተትሻት። አፍንጫሽን አላመንሽውም፤ ጨለጥሻት።

«የወይን ጭማቂ ነው» አልሽ።

«ከመጠጥ ለሚያገግሙት የምናቀርበው ነው» አለች ብሪታ ረጋ ብላ። «አሁን እርስዎም ቆረቡ።»

ዕድሜ ልክሽን አላምንም ስትይ የኖርሽው ሴት ፊትሽ እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ከአሮጊቶቹ አንዷ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» ስትልሽ ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅር በይኝ። አንቺ በሩን አላትመሽ ወጣሽ። ማታ የክፍሌ በር ላይ ማስታወሻሽን አገኘሁ፤ «ጠርጥሬህ በደልኩህ። ሁለተኛ አልፈትሽህም» ይላል።

ሊስቤት፣ አልበደልሽኝም። ያን ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ትንሽ ጠርሙስ አረቄ ገዝቼ ነበር። ስንበረከክ ካፖርት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ቆርቤ ስወጣ ልጠጣት ነበር ያሰብኩት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን ለብሪታ ሰጠኋት፤ መታጠቢያው ላይ ደፋቻት። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ ለቅሶ ለአረቄው ነበር፣ አልዋሽሽም።

ቅዳሜ ስትመለሺ ዕቃዬን ሸክፌ እጠብቅሻለሁ። ውጣ ካልሽኝ እወጣለሁ። ቆይ ካልሽኝ ግን ያን ማስታወሻ ቅደጂውና፣ እሁድ ጠዋት ከበር ሳልወጣ ኪሴን ፈትሺልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣
ቶርበን